ከዚሁ ነን

ባሌ ሥራ አገኘ፤ በሰሜን፣ በምድረ በዳ፣
መዳብ ከሚቆፈርበት፣ ከካላማ ሜዳ።
ዝናብ አይቶ አያውቅም ይላሉ፣ እዚያ የተወለደ ልጅ፤
እኛ ቺሎዌዎች ደግሞ ለግማሽ ቀን ካባራ
«ምን ነካው?» እንላለን፣ ወጥተን ደጅ።

የቀሩን ቅዳሜዎች ጥቂት ናቸው።
ኖልቤርቶ በካርቶን ጎን የምናያቸውን ጻፋቸው፤
«ሳህን» ከሚለው ሥር፦ ፔንግዊኖቹ። ፏፏቴው።
የእንጨት ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቁልፉ ከተገኘ።
«ልጆቹ እንዳይረሱ» አለኝ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ።
ዝም አልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው
ቅዳሜን የት ያውቃታል ከቶ?

ወደ ፔንግዊኖቹ ሄድን፣ በተዋስነው መኪና።
«እንግዶች፣ ከየት ናችሁ?» አለች ቲኬት ቆራጯ፣ በትህትና።
ኖልቤርቶ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ቆቡን አወለቀ፣
«ከዚሁ ነን» አላት፣ እንቁላል እንደሰረቀ።

ጀልባው ላይ ራየን ፊቷን አዞረችብን።
አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቃል አትመጥንም፤
«ስንኖር ያላሳያችሁንን ስንሄድ ማሳየት ምንድን ነው?
ካላየሁት እኮ አይናፍቀኝም።»
መልስ አልነበረኝም። ታናሽየው ኤላዲዮ ብቻ
«ካፖርት የለበሱ ዳኞች!» እያለ ፔንግዊን ቆጠረ፤
ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ አስመለሰውና ቆጠራው ቀረ።

ፏፏቴውን አላየነውም።
ጎማ ፈነዳ፣ ጭጋግ ወረደ፤ መንገድ ዳር ተደርድረን
የቀዘቀዘ ድንች በላን። ራየን የሳቀችው ያን ቀን ነው፣
አባቷ ክሪኩን በገዛ እግሩ ላይ ሲጥለው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ግን ከካርቶኑ ላይ አልነበረም።
ዶኛ ክሎሪንዳ ቤቷን ልታዛውር ነው።
ቤት ስል ዕቃውን አይደለም፤ ግድግዳና ጣራውን፣
ከባሕሩ ዳር ወደ ወንድሟ መሬት፣ ወደ ኮረብታው።
በእኛ ዘንድ ሰው ሲሄድ ቤቱ ብቻውን አይቀርም፣
ደቦ ይጠራል እንጂ፣ ባዶ እጁን አይሰደድም።

አሥራ ስድስት በሬ ተጠመደ፣ ከሥሩ ግንድ ተነጠፈ፤
«ሳብ!» ያልነው ድምፅ ባሕሩን ተሻግሮ አለፈ።
ቤቱ አቃሰተ፣ ቆመ፣ አሰበበት፣ ተራመደ፤
መጋረጃው በመስኮት ወጥቶ ከነፋሱ ጋር ሄደ።
ኖልቤርቶ ሲጎትት መዳፉ ተላጠ፤
ራየን ሳትጠራ መጣች፣ ከአጠገቡ ገመድ ጨበጠች።
ኮረብታው ላይ ዶኛ ክሎሪንዳ ገብታ፣ ፈትሻ ወጣች፤
«አንድ ስኒ ብቻ!» አለች፣ እንደ ድል።

ስንመለስ ኤላዲዮ ጠየቀ፦
«የእኛን ቤት እስከ ካላማ ስንት በሬ ይጎትተዋል?»
ኖልቤርቶ ቆመ። የምሩን አሰላ፣ እንደ መካኒክ፦
ባሕር አለ፣ መርከብ ያሻል፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ...
«ችግሩ በሬው አይደለም» አለው በመጨረሻ።
«ሣሩ ነው። መንገድ ላይ ሣር ያልቃል።»

ማታ ዝናቡ ጀመረ። ራየንን አጣኋት።
በዶኛ ክሎሪንዳ ግቢ፣ በቦቲ ጫማዋ ቆማ አገኘኋት፣
ቤቱ ተነሥቶ ከሄደበት አራት ማዕዘን ፊት፦
ስልሳ ዓመት ጠብታ ያልነካው አፈር፣ እንደ አመድ የነጣ፤
መሀሉ ላይ አንድ ማንኪያ፣ ማን እንደጣለው የማይታወቅ።
«ካላማ እንዲህ ነው?» አለችኝ፣ ድምጿ በቅጡ ሳይወጣ።
አላውቅም አልኳት። ጎን ለጎን ቆምን።
ዝናቡ እንደ እንግዳ፣ ከዳር ጀምሮ፣ ነጥብ በነጥብ ገባበት፣
አፈሩን አጠቆረው።
ከቤት ኖልቤርቶ ጠራን፤ ካርቶን ማሸጊያው ጠፍቶበታል።
«መጣን» አልኩ፣ ከቆምኩበት።